ማን ይበልጣል? የ1960ዎቹን የእንግሊዝ ባንዶች በየትኛው ቁና እንስፈራቸው

የእንግሊዝ ኳስ የሚከታተል ሰው ሁሉ አንድ የ1960ዎቹ ዘፈን ያውቃል። ሊቨርፑል በሜዳው ሲጫወት፣ ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት፣ አንፊልድ ሙሉ ቆሞ የሚዘምረው ነው። «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን»። እዚህ እኛ ሠፈር ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሳይቀር ስካርፉን ዘርግቶ አብሮ የሚዘምር አለ።

ዘፈኑ በመጀመሪያ የተሠራው በ1945 ለአንድ የአሜሪካ ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር። ወደ ስታዲየም ያስገባው ግን ጌሪ ማርስደን የሚባል የሊቨርፑል ልጅ ነው። ፔስሜከርስ ከተባለው ባንዱ ጋር በ1963 ተጫወተው፤ የእንግሊዝ አንደኛ ሆነ። ይህ ሦስተኛ ሸክላቸው ነበር። ከእሱ በፊት ያወጧቸው ሁለቱም አንደኛ ወጥተዋል። ሦስት አውጥተው ሦስቱም አንደኛ! ይህን ከእነሱ በፊት ያደረገ አልነበረም። የቢትልስ የመጀመሪያ ሸክላ እንኳ 17ኛ ላይ ነው የቆመው።

ታዲያ የጌሪ ባንድ ከቢትልስ ይበልጣል? እንደዚያ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ጌሪ ራሱም በሕይወት ሳለ ይል የነበረ አይመስለኝም። ግን ለምን አንልም? ቁጥሩ እንዲያ ብሎን የለ? «የ1960ዎቹ ምርጥ የእንግሊዝ ባንድ ማነው?» የሚለው ክርክር ማለቂያ ያጣው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ነው። ማን ብዙ ሸጠ? የት ሸጠ? ማን መድረክ ላይ ያስፈራል? ማን ጥሩ ዘፈን ጻፈ? ዛሬስ የሚሰማው የማን ነው? ለእያንዳንዱ መልሱ ይለያያል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 1960ዎቹ ስል በእኛ ከ1952 እስከ 1962 ግድም ያለው ጊዜ ነው። ሸክላ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነበር። ትንሿ፣ በየገጿ አንድ አንድ ዘፈን የምትይዘው ሲንግል ናት። ትልቁ አልበም ነው።

እንግዲህ ከቆጠራው እንጀምር።

«አንደኛ ወጣ» ሲባል ማን ቆጥሮ ነው? ዛሬ ኮምፒውተር አለ። ያኔ ግን የሙዚቃ ጋዜጦች ነበሩ። እያንዳንዱ ጋዜጣ የራሱን ሸክላ ቤቶች ይዞ፣ «በዚህ ሳምንት ምን ተሸጠ?» እያለ ይጠይቅና የራሱን ሠንጠረዥ ያትማል። ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ አንድ ሠንጠረዥ ነበረው። ሜሎዲ ሜከር ሌላ። ሪከርድ ሪቴይለር ሌላ። ዲስክ ሌላ። ቢቢሲ ደግሞ የእነሱን ደምሮ ያካፍል ነበር። ገበያ ላይ አራት ነጋዴ አንዱን ጤፍ በአራት ቁና ሲሰፍሩት ማለት ነው። ጤፉ ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን አይገጥምም። ቢቢሲና ሪከርድ ሪቴይለር የተስማሙበት አንድ ቁና የመጣው በ1969 ነው። ዐሥር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል!

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢትልስ በ1963 መጀመሪያ ላይ «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ» የሚለውን ሁለተኛ ሸክላቸውን አወጡ። ኒው ሚውዚካል ኤክስፕረስ ላይ አንደኛ። ሜሎዲ ሜከር ላይ አንደኛ። ሪከርድ ሪቴይለር ላይ ግን ሁለተኛ ነበር። ሪከርድ ሪቴይለር የሚጠይቃቸው ሱቆች ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። ሆኖም ኋላ የታሪክ መዝገብ ሲሠራ የ1960ዎቹ ሕጋዊ ሠንጠረዥ ተብሎ የተወሰደው የእሱ ነው። ስለዚህ ያ ዘፈን በመዝገብ «ሁለተኛ» ሆኖ ቀረ። በ2000 ቢትልስ አንደኛ የወጡባቸው 27 ዘፈኖች በአንድ ሲዲ ሲሰበሰቡ እንኳ እሱ አልገባም። በዚሁ መዝገብ መሠረት ከሊቨርፑል አዲስ ባንዶች ቀድሞ አንደኛ የወጣው የጌሪ ባንድ ነው፤ ቢትልስ ተከትለው መጡ። ቁናው ቢለወጥ ታሪኩም ይለወጥ ነበር።

በዚሁ መዝገብ የ1960ዎቹን የአንደኝነት ብዛት ብንቆጥር እንዲህ ይሆናል። ቢትልስ 17 ጊዜ። ሮሊንግ ስቶንስ 8። ኪንክስ 3። ጌሪም 3። ዘ ሁ የተባለው ባንድ ደግሞ ዜሮ። አዎ፣ ዜሮ። በሲንግል አንድም ጊዜ አንደኛ አልወጡም። ሮክ የሚወድ ማንኛውም ሰው ግን ዘ ሁን ከጌሪ በታች አያስቀምጥም። ስለዚህ የሽያጭ ቁጥር የሚነግረን የዚያን ሳምንት የገበያ ሁኔታ ነው። ከዚያ አልፎ ብዙ እንዲናገር መጠበቅ የለብንም።

ደግሞ ዘመኑን ሁሉ ሮክ ያጥለቀለቀው አድርገን እናስበዋለን። እውነታው ሌላ ነው። በ1967 ቢትልስ «ፔኒ ሌን» እና «ስትሮበሪ ፊልድስ ፎርኤቨር»ን በአንዲት ሸክላ ሁለት ገጽ አወጡ። ለእኔ ከእንግሊዝ ከወጡ ትናንሽ ሸክላዎች ሁሉ የምትበልጥ ናት። አንደኛ እንዳትወጣ ያገዳት ማን ነው? ኤንግልበርት ሀምፐርዲንክ። ለስላሳ የፍቅር ዘፋኝ ነው፤ እናቶችና አክስቶች የሚወዱት። የእሱ «ሪሊዝ ሚ» በዚያ ዓመት በእንግሊዝ ከሁሉ በላይ የተሸጠ ሲንግል ሆነ። በአልበም በኩልም «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚውዚክ» የተባለው ፊልም ሙዚቃ በ1965፣ በ1966 እና በ1968 የዓመቱ ምርጥ ሽያጭ ነበር። ሸክላ የሚገዛው ወጣት ብቻ አልነበረም።

አሁን ባሕሩን እንሻገር። አሜሪካ ገበያው ሰፊ ነው፤ ገንዘቡም እዚያ ነው። ፌብሯሪ 9 ቀን 1964 ቢትልስ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርዒት ላይ ቀረቡ። 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 4 ቀን፣ በአሜሪካው ቢልቦርድ ሠንጠረዥ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ቦታ ሁሉ ይዘውት ነበር። አምስቱንም! ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። አሜሪካኖች እንግሊዛዊ የሆነውን ሁሉ ፈለጉ፤ የእንግሊዝ ቅላጼ ብቻውን ሸቀጥ ሆነ።

የዚህ ጥሩ ማሳያ ኸርማንስ ኸርሚትስ ናቸው። የማንቸስተር ልጆች ናቸው። በ1965 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቻቸው አንደኛ ወጡ። ሁለቱም የእንግሊዝን የድሮ መዝናኛ ቤት የሚያስታውሱ፣ ቅላጼያቸው ሆን ተብሎ የተጋነነ ዘፈኖች ናቸው። የሚገርመው ሁለቱም እንግሊዝ ውስጥ በሲንግል አልወጡም። አገራቸው ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይገዛዋል? አሜሪካ ግን በዚያ ዓመት እነሱን ከማንም አታሳንስም ነበር። ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው፤ ዘፈናቸውም ያስደስታል። ግን ዝናቸው የመጣው ከሰዓቱና ከቅላጼው ነው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ዝናውም አለፈ።

የኪንክስ ዕጣ የዚህ ተቃራኒ ነው። እነሱ ጋ በኋላ እመለሳለሁ፤ ለእነሱ ጊዜ እፈልጋለሁ።

ወደ ብቃቱ እንግባ። በመጀመሪያ ግን እነዚህ ልጆች ድንገት ከየት መጡ? ሰበቡ ብዙ ነው፤ ሦስቱን ብቻ ልንካ። አንደኛ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሎኒ ዶኔጋን የሚባል ዘፋኝ ስኪፍል የሚባል ሙዚቃ አስፋፋ። አንድ ርካሽ ጊታር፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ፣ ከሻይ ሣጥን የተሠራ ቤዝ በቂ ነው። ትምህርት አይጠይቅም። ልጆች በየሠፈሩ ባንድ አቋቋሙ። ሁለተኛ፣ የግዴታ ውትድርና ቀረ። ከኦክቶበር 1939 ወዲህ የተወለደ ወጣት አልተጠራም። የቢትልሶቹ ሪንጎ ስታርና ጆን ሌነን በ1940 ነው የተወለዱት፤ ለጥቂት አመለጡ። ሁለት ዓመት ካምፕ ቢገቡ ኖሮ ባንዱ አይኖርም ነበር። ሦስተኛ፣ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሌነን፣ የስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ፣ የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሼንድ፣ የኪንክሱ ሬይ ዴቪስ፣ ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ሁሉም በዚያ አልፈዋል። መንግሥት የሚደጉመው፣ ማሰቢያ ጊዜ የሚሰጥ፣ ጊታር ይዞ መግባት የማያስነውርበት ቦታ ነበር።

ሁሉም የተነሡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ያስተዛዝበናል። ብሉዙ፣ ሮክ ኤን ሮሉ፣ ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ዘፈኑ ሁሉ የእነሱ ነው። የእንግሊዝ ልጆች በሸክላ ሰምተው፣ ቀድተው፣ ከዚያ የራሳቸውን ጨመሩበት። አንዱ ባንድ ከሌላው የሚለየው ምን ጨመረ በሚለው ነው።

ቢትልስ ከሁሉ በፊት የጨመሩት የራሳቸውን ዘፈን ነው። ያን ጊዜ ባንድ መጫወት እንጂ መጻፍ ሥራው አልነበረም። ደራሲው ይጽፋል፣ ፕሮዲውሰሩ ይመርጣል፣ ባንዱ ይጫወታል። በ1962 ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲን «ሃው ዱ ዩ ዱ ኢት» የሚል የሰው ዘፈን ሰጣቸው። ቀዱት፤ ግን እንዳይወጣ ለመኑ። የራሳችንን እናውጣ አሉ። ገና ስም የሌላቸው ልጆች ናቸው እኮ! ማርቲን እሺ አለ። ያ የተተወ ዘፈን ለጌሪ ተሰጠ። የመጀመሪያ ሸክላው ሆነና አንደኛ ወጣ። እንግዲህ የሁለቱ መንገድ የተለያየው እዚያ ላይ ነው። ጌሪ ለዚያ ሳምንት ትክክል ነበር። ቢትልስ ለሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት።

እነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ የሆነውን ለማመን ይከብዳል። ፌብሯሪ 11 ቀን 1963 የመጀመሪያ አልበማቸውን አሥር ዘፈኖች በአንድ ቀን ቀዱ። ከጠዋት እስከ ማታ። ሌነን ጉንፋን ይዞታል፤ ጉሮሮ የሚቀደውን ዘፈን መጨረሻ ላይ አስቀምጠውት በአንዴ ቀረጻ ጨረሱት። አልበሙ 30 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ያወረደው የራሳቸው ሁለተኛ አልበም ነው፤ እሱም 21 ሳምንት። አንድ ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ «ሳርጀንት ፔፐር» የተባለውን አልበም ለመሥራት አምስት ወር ያህል ስቱዲዮ ገቡ። እዚህ ጋ ስለ ስቱዲዮው ትንሽ ላስረዳ፤ ነገሩ የሚገባው እሱ ሲገባ ነውና። ያኔ እዚያ ስቱዲዮ የነበረው የቴፕ መቅጃ አራት መስመር ብቻ ነበረው። አንዱ ላይ ድራም፣ አንዱ ላይ ጊታር፣ አንዱ ላይ ድምፅ፣ አለቀ። ተጨማሪ ነገር ከፈለግህ አራቱን ትቀላቅልና በሌላ ማሽን አንዱ መስመር ላይ ትገለብጣለህ። ሦስት ባዶ መስመር ታገኛለህ። ግን አንዴ ከተቀላቀለ መመለስ የለም፤ ወጥ ውስጥ የገባ ጨው ነው። በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ የቴፑ ጩኸት ይጨምራል። ኦርኬስትራውን፣ የሕንድ መሣሪያውን፣ የሰርከሱን ድምፅ ሁሉ በዚህ ዓይነት ነው ያስገቡት። ከዚያ በፊት ስቱዲዮ መድረክ ላይ የተጫወትከውን የምትቀዳበት ቦታ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ራሱ መሣሪያ ሆነ።

ደካማ ጎናቸው መድረኩ ነው። መጫወት ስላልቻሉ አይደለም። በሐምበርግ መጠጥ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ያደጉ ልጆች ናቸው። ችግሩ ጩኸቱ ነበር። ኦገስት 1965 በኒውዮርክ ሺ ስታዲየም 55,600 ሰው ፊት ተጫወቱ። የልጃገረዶቹ ጩኸት ማጉያውን ዋጠው። ሪንጎ የጓደኞቹን የጀርባ እንቅስቃሴ እያየ ነበር ድራሙን የሚመታው። ራስን ሳይሰሙ መጫወት ሰለቻቸው። ኦገስት 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አድርገው መድረክ ተዉ። ስለዚህ «በመድረክ ማን ይበልጣል» ለሚለው ክርክር ከ1966 በኋላ ቢትልስ የሉበትም።

ሮሊንግ ስቶንስ ሌላ ናቸው። ታሪኩ የሚነሣው ከባቡር ጣቢያ ነው። በ1961 ዳርትፎርድ ጣቢያ ላይ ኪት ሪቻርድስ የልጅነት ጓደኛውን ሚክ ጃገርን ያገኘዋል። ጃገር በእጁ የጥቁር አሜሪካውያኑን የቸክ ቤሪንና የመዲ ዎተርስን ሸክላዎች ይዟል። እነዚያ ሸክላዎች ያኔ እንግሊዝ ውስጥ እንደ ወርቅ ናቸው። ጓደኝነቱ በዚያው ታደሰ። የባንዱ ስምም ከመዲ ዎተርስ ዘፈን ነው የተወሰደው።

ስቶንስን በዜማ ሀብት ከቢትልስ ጋር ማወዳደር አግባብ አይመስለኝም። ብቃታቸው አጨዋወቱ ላይ ነው። ሁለት ጊታር እየተጠላለፉ፣ ድራመሩ ቻርሊ ዋትስ ከጊታሩ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ እየመታ፣ ሙዚቃው ሊወድቅ ሲል የሚነሣ ይመስላል። ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ሳቲስፋክሽን» በ1965 በሁለቱም አገር አንደኛ ሲወጣ ዓለም ያንን ሰማ። የመግቢያውን የጊታር ሐረግ ሪቻርድስ በእንቅልፍ ልቡ በቴፕ ቀድቶት ያደረ ነው። እሱ ያሰበው በጥሩምባ እንዲሠራ ነበር፤ ጊታሩን ያስገባው ለጊዜው ብሎ ነው። እንደዚያው ቀረ።

ከሁሉ በላይ የማከብራቸው ግን ለአንድ ነገር ነው። በሜይ 1965 ሺንዲግ የሚባል የአሜሪካ የቴሌቪዥን ትርዒት ጋበዛቸው። እነሱም ሃውሊን ዎልፍ አብሮን ካልቀረበ አሉ። ሃውሊን ዎልፍ ትልቅ ጥቁር የብሉዝ ሰው ነው። ዕድሜው 54፤ በገዛ አገሩ ቴሌቪዥን ነጭ ወጣቶች ፊት አይቀርብም። ስቶንስ በ1964 በእንግሊዝ አንደኛ ያወጡትን «ሊትል ሬድ ሩስተር» የሰሙት ከእሱ ነው። ቀረበ። እሱ ሲዘፍን ስቶንስ እግሩ ሥር ተቀምጠው አዩት። ምስሉ ዛሬም ይገኛል፤ ፈልጋችሁ እዩት። ብድር መመለስ ይሉታል ይህን።

በአንድ ነገር ደግሞ ማንም አይደርስባቸውም፤ በዕድሜ። ቢትልስ በ1970 ፈረሱ። ስቶንስ በ2023 አዲስ አልበም አውጥተው በእንግሊዝ አንደኛ ወጡ።

ስለ አኒማልስ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ ባንዶች ለምን እንደሚፈርሱ ያስረዳልና። የኒውካስል ልጆች ናቸው። በ1964 «ዘ ሃውስ ኦቭ ዘ ራይዚንግ ሰን» የሚለውን የቆየ የሕዝብ ዘፈን በአንዴ ቀረጻ ቀዱት። እንግሊዝም አሜሪካም አንደኛ ወጣ። የኤሪክ በርደንን ድምፅ አንዴ የሰማ አይረሳውም። ዘፈኑ የሕዝብ ስለሆነ ደራሲ የለውም፤ የደራሲነት ክፍያው የሚሄደው ላቀናበረው ሰው ነው። ሸክላው ላይ የተጻፈው ስም የአንድ ሰው ነው፤ ኦርጋን የሚጫወተው አለን ፕራይስ። አምስት ሰው የሠራው ቅንብር ገንዘቡ ለአንድ ሰው ሆነ። ፕራይስ በ1965 ከባንዱ ወጣ፤ በ1966 የመጀመሪያው ባንድ ተበተነ። ቂሙ ግን ለብዙ ዓመት ቀጠለ።

ዘ ሁን በሸክላ ብቻ የሚመዝን ይሳሳታል። እዚያ ባንድ ውስጥ ሁሉም ነገር ተገልብጧል። ኪት ሙን ድራሙን ጊዜ ለመጠበቅ አይመታም፤ እንደ ዘፋኝ ከፊት ይሮጣል። ቤዙ ከኋላ መቆም ሲገባው ጆን ኤንትዊስል ብቻውን ሶሎ ይጫወትበታል። ጊታሩ ደግሞ ምቱን ይይዛል። በ1964 ሃሮው አካባቢ በአንድ መጠጥ ቤት ሲጫወቱ የፒት ታውንሼንድ ጊታር ዝቅተኛውን ጣሪያ መታና ተሰበረ። እሱም ተናዶ ፈጽሞ ሰባበረው። ከዚያ ወዲህ ሰው ያንን ሊያይ መጣ። ግን መሰባበሩን ተዉትና አጨዋወታቸውን ስሙ። በ1969 ዉድስቶክ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የተጫወቱት አለ። በ1970 መጀመሪያ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተቀዳውም አለ። አራት ሰዎች ያን ያህል ድምፅ ማውጣታቸው ያስደነግጣል። ለእኔ በመድረክ የዚያን ዘመን አንደኛ እነሱ ናቸው። ምንም አልጠራጠርም።

ስለ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ልበል። ዝና ሲገነባም ሲጠፋም ከሙዚቃው ጥራት ጋር ሁልጊዜ አይያያዝም። ዴቭ ክላርክ ፋይቭ የቶተንሃም ልጆች ናቸው። በጃንዋሪ 1964 ቢትልስን ከእንግሊዝ አንደኝነት ያወረዱት እነሱ ናቸው። ኤድ ሱሊቫን ላይ 18 ጊዜ ቀርበዋል፤ ከማንም የእንግሊዝ ባንድ በላይ። ዛሬ ማን ያውቃቸዋል? አንዱ ሰበብ ይህ ነው፤ ዴቭ ክላርክ ብልህ ነጋዴ ስለነበር የቅጂዎቹ ባለቤት ራሱ ነበር። በኋላ ግን ለረጅም ዓመታት ገበያ ላይ አላወጣቸውም። ሲዲ ሲመጣ እስከ 1993 ድረስ የእሱ ዘፈን አልነበረም። በመካከሉ አንድ ትውልድ ሳይሰማቸው አደገ።

የዞምቢስ ደግሞ ያሳዝናል። በ1967 ቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር»ን በጨረሱበት በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ገብተው አንድ ግሩም አልበም ሠሩ። የሚሰማቸው ሲያጡ አልበሙ ሳይወጣ ተበተኑ። አልበሙ በ1968 ወጣ። በ1969 ከዚያ ውስጥ አንዱ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ሆነ። ሕዝቡ ባንዱን ፈለገ፤ ባንዱ የለም። በስማቸው አሜሪካን የዞሩ አስመሳይ ባንዶች እንኳ ነበሩ። በ2008 ልጆቹ ጎልማሳ ሆነው ያንን አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ መድረክ ላይ ተጫወቱት። አርባ ዓመት ቆይተው ማለት ነው።

አሁን ያለንበት ቁና ደግሞ የተለየ ነው፤ በኢንተርኔት ስንት ጊዜ ተደመጠ የሚለው። በስፖቲፋይ ከቢትልስ ዘፈኖች ሁሉ የሚበልጠው የባንዱ ጊታሪስት የጆርጅ ሃሪሰን «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ነው፤ ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል። ይህ ዘፈን በ1969 በሲንግል አልወጣም። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ በነበረው የሲንግል ቆጠራ ውጤቱ ባዶ ነው። የ26 ዓመቱ ሃሪሰን ሦስተኛ ደራሲ ተብሎ፣ ከባንዱ ሁለት ዋና ደራሲዎች ከሌነንና ከፖል ማካርትኒ ሥር፣ በአንድ አልበም አንድ ሁለት ዘፈን እየተፈቀደለት የሚጽፍ ልጅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ኪንክስ።

የሰሜን ለንደን ልጆች ናቸው፤ ሬይ ዴቪስና ታናሽ ወንድሙ ዴቭ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሸክላዎቻቸው አልተሳኩም። ሦስተኛው ካልተሸጠ መሰናበታቸው ነው። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ዴቭ የትንሿን ማጉያውን ስፒከር በምላጭ ቀደደው። ድምፁ ተንጫረረ፤ ሻካራ ሆነ። እሱን ከትልቅ ማጉያ ጋር አገናኘው። በዚያ ድምፅ የተቀዳው «ዩ ሪሊ ጎት ሚ» በ1964 አንደኛ ወጣ። ዛሬ የምንሰማው ሻካራ የሮክ ጊታር ብዙው ከዚያ የተቀደደ ስፒከር ይጀምራል።

በ1965 አሜሪካ ሄዱ። ጉዞው በጭቅጭቅ ተሞላ፤ ከአዘጋጅ ጋር፣ ከቴሌቪዥን ሰዎች ጋር፣ እርስ በርስ። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር የሥራ ፈቃድ ከለከላቸው። እገዳው እስከ 1969 ቆየ። አራት ዓመት! ሌሎቹ አሜሪካ ላይ ገንዘብና ዝና ሲያፍሱ በነበሩባቸው ዓመታት ኪንክስ ቤታቸው ተቀመጡ። የዝና ክርክር ውስጥ ስማቸው ወደ ታች የሚወርደው በዋናነት በዚህ ነው። በሙዚቃቸው አይደለም።

ግን ሬይ ዴቪስ ቤት ተቀምጦ ምን ጻፈ? ለአሜሪካ መጻፍ ስላልነበረበት ስለ ሠፈሩ ጻፈ። ስለ ሻይ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሚፈርሱ ቤቶች። በ1967 «ዋተርሉ ሰንሴት»ን አወጣ። አንድ ብቸኛ ሰው በመስኮቱ ሆኖ የለንደኑን ቴምዝ ወንዝ ያያል፣ ሕዝቡ እንደ ዝንብ ሲተም ያያል፣ ሁለት ፍቅረኞች ዓርብ ማታ ባቡር ጣቢያ ሲገናኙ ያያል። እሱ አይወጣም። ማየቱ ይበቃዋል። ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው። እኔ ለንደንን በእግሬ ረግጬ አላውቅም፤ ያንን ወንዝ ግን የማውቀው ይመስለኛል። ሁለተኛ ወጣ እንጂ አንደኛ አልወጣም።

ለዚህ ነው ጓደኞቼ «ዞሮ ዞሮ ማን ይበልጣል?» ሲሉኝ የምከፋፍለው። በስፋት፣ በለውጥ ፍጥነት፣ በዜማ ብዛት ቢትልስ። ሌላ የሚል ካለ ክርክሩን በደስታ እሰማለሁ፤ ግን የሚያሳምነኝ አይመስለኝም። በመድረክ ዘ ሁ። ለጭፈራና ለዕድሜ ስቶንስ። ስለ ተራ ሰው ሕይወት በመጻፍ ግን ሬይ ዴቪስን የሚስተካከል በዚያ ዘመን አላየሁም፤ ሌነንና ማካርትኒን ጨምሮ።

ኖቬምበር 22 ቀን 1968 ዕለቱ ዓርብ ነበር። በዚያን ዕለት ሁለት አልበሞች በእንግሊዝ ሸክላ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ወጡ። አንዱ ቢትልስ ነጭ ሽፋን አልብሰው ያወጡት ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ነው። ወዲያው አንደኛ ወጣ። ሌላው የኪንክስ ነው፤ ስለ አንድ አሮጌ መንደር፣ ስለ ፎቶ አልበም፣ ስለ ልጅነት ጓደኛ የሚያወራ። ሠንጠረዥ ውስጥ ጭራሽ አልገባም። አርባኛ እንኳ አልሆነም። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ያ አልበም በትልቅ ሣጥን ተዘጋጅቶ እንደገና ታተመ። ሁለቱንም ይዛችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀመጡ። እኔ ብሆን በኪንክሱ ነው የምጀምረው።